ብረቴን ውሃ አደረጉብኝ

የ17 ቁልፌ ከሄደ ይኸው ሰባት ወር ሆነው። ጠፋ አልልም። የጠፋ ነገር የት እንዳለ አይታወቅም፤ የኔ ቁልፍ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ፦ ከአጥሬ ማዶ፣ ጎረቤቴ ቤት፣ ምናልባትም አልጋ ሥር። የውሃ መሳቢያዬን ቡሎን ላጥብቅበት ብሎ ነው የወሰደው። «አሁኑኑ እመልሳለሁ ጋሼ» አለኝ። በኛ ጊዜ አሁኑኑ ማለት አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ማለት ነበር። ዛሬ አሁኑኑ ሰባት ወር ነው፣ ያውም ገና እየቆጠረ።

ባለቤቴ «ለአንድ ቁልፍ ይህን ያህል ምን ያንገበግብሃል? መርካቶ ሞልቶ የለም ወይ?» ትላለች። ሞልቷል! መሙላቱማ መች ጠፋኝ። እኔ ግን ያን ቁልፍ የገዛሁት በ1964 ዓ.ም. ነው፤ ጋራዥ በገባሁ በዓመቱ፣ ጫማ ልግዛ ወይስ ቁልፍ ብዬ ሁለት ሌሊት አድሬ፣ በተቀደደ ጫማ ሄጄ የገዛሁት። 41 ዓመት ሠራሁበት። በመዶሻ መትቼዋለሁ፣ ቧንቧ አስረዝሜ ተንጠልጥዬበታለሁ፣ አንድ ጊዜማ የጭነት መኪና ሄዶበታል። ንቅንቅ አላለም። በአንገቱ ላይ በፈረንጅ ፊደል ሁለት ቃል ተቀርጾበታል፦ ክሮም ቫናዲየም።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናዘዝ። እኔ ይህን ጽሑፍ 41 ዓመት ሙሉ የሰው ስም ነው ብዬ ነው ያነበብኩት። ክሮም ልጁ፣ ቫናዲየም አባቱ። አቶ ክሮም ቫናዲየም። መልካቸውን ሁሉ አውቀው ነበር፦ ሸበቶ፣ ወፈር ያሉ፣ የቆዳ ሽርጥ የታጠቁ ባለፋብሪካ። ጀርመን የተሠራ ቁልፍ ላይ ስማቸው አለ፤ ጃፓን የተሠራው ላይ አለ፤ ቼክም አለ። «እኒህ ሰውዬ የማይሠሩበት አገር የለም፣ እግዜር ይባርካቸው» እያልኩ ስመርቃቸው ነው የኖርኩት። ለነፍሳቸውም አንድ ሁለት ጊዜ ጸልያለሁ፤ በዚያ ዕድሜ መቼም በሕይወት የሉም ብዬ።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ መጣ። ኤሌክትሪክ ነው የሚማረው። ስለ ቁልፉ ሳማርርለት፣ ስለ አቶ ክሮምም ሳነሳለት፣ መሬት ላይ ተንከባለለ። እንባውን ጠርጎ፣ «አባባ፣ ክሮምም ቫናዲየምም ሰው አይደሉም። ንጥረ ነገሮች ናቸው። ብረት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይጨመራሉ» አለኝ። ይሁን አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ አንድ ወዳጅ ቢቀንስብኝ አዲስ ነገር አይደለም። ቀጠለና ግን፣ «አሁን ደግሞ ቫናዲየም ባትሪ እየሆነ ነው። በአሲድ ያሟሙትና ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ኤሌክትሪክ ይይዛል» አለኝ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኔ ግን ጉዱን የሰማሁት በጥር ነው፣ መስከረም ከጠባ በኋላ።

እስቲ ፍረዱኝ። የጭነት መኪና ያልበገረውን ነገር፣ እጄ ላይ ከጋብቻ ቀለበቴ በላይ የቆየውን ነገር፣ አሲድ ውስጥ ከትተው አሟሙት? ቅቤ መሰላቸው? ስቆጣ ልጁ ጭራሽ ነዳጅ ጨመረበት። «አባባ፣ ለመሆኑ መኪና ባትሪ ውስጥ ስትጨምረው የኖርከው አሲድ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለህ? ድኙን ወደ አሲድ ለመለወጥ ፋብሪካዎቹ የሚጠቀሙት የቫናዲየም ውህድ ነው» አለኝ። ይህ እውነት ነው አሉ። ቁልፉም እሱ፣ አሲዱም በሱ። ሱሪዬን ሲበሳሳብኝ የኖረው አሲድ የወዳጄ የአቶ ክሮም ዘመድ ኖሯል።

ስለ ብረቱ መጀመሪያ ልናገር፤ በሱ እኔ ምስክር ነኝ። ቫናዲየም በወጥ ውስጥ እንደ በርበሬ አይደለም፤ እንደ ኮረሪማ ነው። መቶ ኪሎ ብረት ውስጥ መቶ፣ ሁለት መቶ ግራም ጣል ይደረጋል። ያቺ እፍኝ የማትሞላ ነገር ብረቱ ውስጥ ካለው ካርቦን ጋር ትጣመርና ዓይን የማያያቸው ጠጣር ፍሬዎች ትሆናለች፤ የብረቱ ቅንጣቶች በእሳት ጊዜ እንዳያብጡ ትይዛቸዋለች። ቅንጣቱ ደቃቅ የሆነ ብረት ጠንካራም ነው፣ በቀላሉም አይሰበርም። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1908 ሞዴል ቲ የምትባለዋን መኪና ሲያወጣ አክስሏን፣ ማርሿንና ባሌስትራዋን በቫናዲየም ብረት ነው ያሠራው፤ ለዚህ ነው ያቺ መኪና በጭቃውም በድንጋዩም እየተንደፋደፈች የሄደችው። ዛሬም ከሚመረተው ቫናዲየም ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚገባው ብረት ውስጥ ነው። ሰፈራችን ውስጥ በየመንገዱ ተጋድሞ እግር የሚያደናቅፈው ፌሮ፣ ደህናው ከሆነ፣ ከቫናዲየሙ ትንሽ ይኖርበታል።

ደህናው ከሆነ አልኩ። አሁን ያለውን ነገር ላጫውታችሁ። የ17ቱ ሐዘን ሳይወጣልኝ የ19 ቁልፌን ክር የጨረሰ ቡሎን ላይ አጣሁት፤ እሱ እንኳን በሰላም ነው የሞተው። ምትክ ፍለጋ ገበያ ወረድኩ። ሻጩ ስሙን ባልጠራው ይሻላል። አንድ የሚያብለጨልጭ ቁልፍ ሰጠኝ፤ ፊት የሚያሳይ፣ መስታወት በሉት። በአንገቱ ላይ «ክሮም ቫናዲየም» ተጽፏል፣ ከኔው ቁልፍ ጽሑፍ ሁለት እጥፍ በሚያህል ፊደል። ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብኝ፤ ስሙን የሚጮኽ ሰው ዘመድ የለውም። ቤት መጥቼ የበሩን ማጠፊያ ቡሎን ያዝኩበት፣ አንዴ ሳብ ሳደርገው ጎንበስ አለ። አልተሰበረም፤ ተሰብሮ ቢሆን እኮ ክብር ነበረው። እንደ ቤተ መንግሥት አሽከር እጅ ነሣኝ! ግድግዳዬ ላይ ሚስማር መትቼ ሰቅዬዋለሁ፤ ላለፈ ላገደመ ሁሉ የዘመኑን ምስክር አሳይበታለሁ።

ስም መስረቅ ግን በዚህ ብረት ላይ ዛሬ አልተጀመረም። የልጅ ልጄ ሲተርክልኝ ሆዴ ነው የተላወሰው። እ.ኤ.አ. በ1801 ሜክሲኮ ውስጥ በማዕድን ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድሬስ ማኑዌል ዴል ሪዮ የሚባል ስፔናዊ ነበር። ዚማፓን ከሚባል ቦታ የመጣ ቡናማ የእርሳስ ማዕድን ሲመረምር የማያውቀው ነገር አገኘ። ጨዎቹ ቀለማቸው ብዙ ነበርና ፓንክሮሚየም አለው፤ ባለ ሁሉ ቀለም እንደማለት። ኋላ ሲያሞቃቸው ቢቀሉበት ስሙን ለወጠና ኤሪትሮኒየም አለው፤ ቀዩ እንደማለት። ሁለቴ ስም ማውጣቱ እኔን አልጣመኝም፤ ልጅ ሁለቴ ክርስትና አይነሣም። ይሁንና ሰውየው ልፋቱ የራሱ ነው። ሁምቦልት የተባለው ዝነኛ ተጓዥ ናሙናውን ይዞለት ፓሪስ ገባ። እዚያ በ1805 ኮሌ ዴስኮቲል የሚባል ፈረንሳዊ መረመረና «ይህማ ክሮም ነው» ብሎ ፈረደ። ምስኪን ዴል ሪዮ አመነ። «እንግዲህ አላገኘሁም» ብሎ እጁን ሰበሰበ።

እዚህ ላይ የልጅ ልጄን አስቆምኩትና፣ «አየህ! ክሮምና ቫናዲየምን ያምታታሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የፓሪስ ሊቅም አምታቷል» አልኩት። መልስ አልነበረውም።

ሃያ አምስት ዓመት አልፎ በ1830 ኒልስ ጋብርኤል ሴፍስትሮም የሚባል ስዊድናዊ ከታበርግ በወጣ ብረት ውስጥ ያንኑ ነገር ድጋሚ አገኘው። ቫናዲስ ብለው የድሮ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች በሚጠሯት የውበት አምላክ ስም ሰየመው። በዓመቱ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር የዴል ሪዮ ማዕድን ውስጥ ያለውና የስዊድኑ አንድ መሆናቸውን አረጋገጠ። ታዲያ ስሙ ለባለቤቱ ተመለሰ? ሪዮኒየም ይባል ብሎ የተሟገተ አንድ ሰው ነበረ፤ ማን ሰምቶት! የወሰደ ወሰደ። ዴል ሪዮንና እኔን አንድ ላይ ብታስቀምጡን ብዙ የምናወራው ነገር ነበረን።

ወደ ውሃው ልመለስ፤ አንጀቴን ያሳረረው እሱ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ታንከር አለ። በሁለቱም ውስጥ ያለው ድኝ አሲድ ውስጥ የሟሟ ቫናዲየም ነው። መሃል ላይ በቀጭን ሽፋን ለሁለት የተከፈለ ሳጥን አለ። ፓምፕ ከግራና ከቀኝ ውሃውን እየገፋ በሳጥኑ ያሳልፈዋል፤ ሁለቱ ውሆች በሽፋኑ ተለያይተው ጎን ለጎን ሲያልፉ አንዱ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ያ ኤሌክትሪክ ነው። ፀሐይና ነፋስ ሲተርፉ ውሃውን ወደ ኋላ ታስሞላዋለህ፤ ሲመሽ ደግሞ ይመልስልሃል። የልጅ ልጄ ይህን ሲያስረዳኝ፣ ሳጥኑ ሲሰፋ ጉልበቱ እንደሚጨምር፣ ታንከሩ ሲሰፋ ደግሞ የሚቆይበት ሰዓት እንደሚጨምር ነገረኝ። እኔ ግራ ገብቶኝ ዝም አልኩ። ባለቤቴ ከማድቤት ሆና፣ «ምኑ ነው የሚከብደው? ምጣድ ብታበዛ ቶሎ ትጋግራለህ፣ ቡሖ ብታበዛ ብዙ ሰዓት ትጋግራለህ» ብላ ገላገለችው። ልጁ ተነሥቶ ጉንጯን ሳማት። እኔን ግን ማንም የሳመኝ የለም።

ከዚህ በፊት የአሜሪካው ናሳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዲህ ያለ ባትሪ ሲሞክር ባንዱ ታንከር ብረት፣ በሌላው ክሮም አድርጎ ነበር። አቶ ክሮም እዚህም ገብተው ነበር ማለት ነው፤ የማይገቡበት የለም። ችግሩ ሁለቱ በሽፋኑ እየሾለኩ ይቀላቀላሉ፤ ሲቀላቀሉ ባትሪው ይደክማል። በ1980ዎቹ ሲድኒ ውስጥ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ማሪያ ስኪላስ ካዛኮስ የተባሉ፣ ግሪክ ተወልደው አውስትራሊያ ያደጉ ሴት ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው በሁለቱም በኩል ቫናዲየም ቢሆንስ አሉ። እንግዲህ ቢሾልክ ወዴት ይሾልካል? ወደ ወንድሙ! ዘመድ ከዘመድ ቢቀላቀል ምን ይጎዳል፤ አስተካክለው ደግመው ያስሞሉታል። የፈጠራ መብቱን በ1986 አመለከቱ። እኝህን ሴት አልቀየማቸውም። ብረቴን ያሟሙት እሳቸው ቢሆኑም፣ ሥራ ያውቃሉ።

ይህን ማድረግ የተቻለው ቫናዲየም አራት መልክ ስላለው ነው። ኤሌክትሮን ሲያጣና ሲያገኝ ልብስ ይለውጣል፦ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ባትሪው ሲሞላ አንዱ ታንከር ሐምራዊ ሌላው ቢጫ ነው፤ ሲያልቅ አረንጓዴና ሰማያዊ ይሆናሉ። ልጁ በስልኩ ሥዕሉን ሲያሳየኝ መቼም ልቤ ደንገጥ ብሏል። አረንጓዴና ቢጫ አለው፤ ቀዩንም ዴል ሪዮ አይቶታል፤ እንግዲህ የራሳችሁን ጨርሱት። 41 ዓመት እጄ ላይ ግራጫ ሆኖ የኖረ ነገር ይህን ሁሉ ቀለም የት ደብቆት ነበር? አንዳንድ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሲቀበር ነው ዘፈን ይችል እንደነበር የምትሰማው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እኔ በሒሳብ አልታማም። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ለመያዝ ከዚህ ውሃ 40፣ 50 ሊትር ይፈልጋል፤ ሁለት ጀሪካን በሉት፣ ትንሽ ፈሰስ እያለ። የኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት እንጀራ ለመጋገር ስምንት ጀሪካን አሲድ! ውሃው ከውሃ ስለሚከብድ ሁሉም ተደምሮ ከሁለት ኩንታል ይበልጣል። ሊቲየም የሚባለው፣ ይኸ በየስልኩና በየመኪናው ያለው፣ ያንኑ ሥራ በ20፣ 25 ኪሎ ይጨርሰዋል። «ታዲያ ይህን ማን ይሸከማል?» ስል ልጁ፣ «ማንም አይሸከመውም አባባ፣ እሱ እኮ ቤቱ ነው የሚቀመጠው። መኪና ላይ አይጫንም፣ ስልክ ውስጥ አይገባም» አለኝ።

እሱን ስሰማ ትንሽ ረጋ አልኩ።

ከባድ ነው፣ ከቤትም አይወጣም። ብርድ አይወድም፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ያመዋል። ሙቀትም አይወድም፤ ከ40 ሲያልፍ ቢጫው ውሃ ውስጡ ያለው ይዘቅጥና ቧንቧውን ይዘጋል። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል። ግን ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል፤ ውሃው ራሱ አያረጅም፤ ሳጥኑ ቢያልቅ ውሃውን ወደ አዲስ ሳጥን መገልበጥ ነው። እሳትም አይነሣበትም። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ወደኔ ዞር ብላ አየችኝ። «ምን ታዪኛለሽ?» አልኳት። «ምንም፤ መድኃኒትህን ወስደሃል?» አለችኝ።

እሳቱን ካነሣሁ አይቀር፣ ካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ በሚባል ቦታ የነበረ ትልቅ የሊቲየም ባትሪ መጋዘን እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ተቀጣጥሎ ሰው ከየቤቱ እንዲወጣ ተደርጓል። ቀጭንና ፈጣን ነገር ሁሉ እንዲያ ነው፤ ቱግ ይላል። በጃፓን ሰሜናዊ ደሴት በሆካይዶ ግን ከ2015 ጀምሮ 60 ሜጋዋት ሰዓት የሚይዝ የቫናዲየም ባትሪ የነፋስና የፀሐይ ኃይል ሲያስተካክል ኖሯል። በቻይና ዳልያን ከተማ ደግሞ በ2022 ከመስመር ጋር የተገናኘው 400 ሜጋዋት ሰዓት ይይዛል። በኔ ቋንቋ ስተረጉመው፣ መቶ ሺህ የሚያህል ምጣድ አንድ ሰዓት ሙሉ ያጋግራል። ቻይና ውስጥ እንጀራ የሚበላ የለም እንጂ።

በነገራችን ላይ ይህን ብረት ከኛ በፊት ማከማቸት የጀመረ ፍጥረት አለ። ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖር፣ ከረጢት የሚመስል፣ ውሃ እየሳበ የሚተፋ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ማርቲን ሄንዝ የሚባል ሊቅ ደሙን ቢመረምር ቫናዲየም አገኘበት። አንዳንዱ ዘር በዙሪያው ካለው ባሕር እስከ አሥር ሚሊዮን እጥፍ አብልጦ ያጠራቅማል። ለምን? ሊቆቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔ ግን አልገረመኝም፤ ቤቴ ውስጥ የባዶ ማር ብርጭቆ ክምችት ለምን እንደሆነም እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

አሁን ደግሞ ይህ ብረት «ወሳኝ ማዕድን» ተብሏል። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2017 መዝገባቸው ውስጥ አስገቡት፣ አሜሪካኖች በ2018። ወሳኝ ማለት ከሌለ ሥራ የሚያቆም፣ ማግኛው ግን የሚያስጨንቅ ማለት ነው አሉ። እኔ 41 ዓመት ጋራዥ ውስጥ ከሌለሁ ሥራ የሚቆምብኝ ሰው ነበርኩ፤ አንድም ቀን የትኛውም መዝገብ ውስጥ አልገባሁም። ጡረታ ስወጣ አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፣ እሱም ባትሪው አልቆ ነው የደረሰኝ።

የሚያስጨንቃቸው ምን መሰላችሁ? ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከቻይና ነው፤ ቀሪው ከሞላ ጎደል ከሩሲያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከብራዚል ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው ቫናዲየም ለራሱ ተብሎ አይቆፈርም። ብረት ሲቀልጥ ከላይ የሚንሳፈፈው ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚለቀመው። የአረብ ብረት ገበያ ሲቀዘቅዝ እሱም ይቀንሳል፤ ሰው ቢፈልገውም ባይፈልገውም። የሠርግ ቤት ትራፊ ላይ የተመሠረተ ኑሮ እንደማለት ነው፤ ሠርግ ከሌለ ጾም ታድራለህ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የኦክሳይዱ ዋጋ በፓውንድ ሦስት ዶላር አይሞላም ነበር። በ2018 ቻይና «ፌሮ ጠንከር ያለ ይሁን» ብላ መመዘኛዋን ስታጠብቅ በኅዳር ላይ 28 ዶላር አለፈ። በዓመቱ ደግሞ ተንኮታኮተ። ይህን እስክሰማ ሽንኩርት ብቻ መስሎኝ ነበር እንዲህ የሚያደርገው። ባትሪ ሠሪው በዚህ መሃል ምን ይሁን? የባትሪው ዋጋ ትልቁ ክፍል ውሃው ነውና፣ አንዳንዶቹ ውሃውን አይሸጡም፣ ያከራዩታል። ውሃ ያከራያሉ! ሃያ ዓመት ተከራይተህ ትመልስላቸዋለህ፣ እነሱም ቫናዲየሙን ሳይጎድል ያገኙታል። ይህን እንኳን ወደድኩት። ተበድሮ መመለስ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ገና አለ ማለት ነው፣ ከአጥሬ ማዶ ባይደርስም።

አሜሪካኖች ግን እንደኔው ተበልተዋል። በዋሽንግተን ግዛት ያለ የመንግሥት ቤተ ሙከራ በሕዝብ ገንዘብ ዓመታት ደክሞ፣ ድኝ አሲዱ ላይ ሌላ አሲድ ቀላቅሎ የተሻለ ውሃ አወጣ፤ የበለጠ ቫናዲየም የሚይዝ፣ ሙቀትም የሚችል። የመሥሪያ ፈቃዱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቻይና ገብቶ አረፈ። ያኔም «አሁኑኑ እንመልሳለን» ሳይባሉ አይቀሩም።

እኛ ዘንድ ደግሞ የመጣው ሌላ ባትሪ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ ድምፅ በሌላቸው መኪኖች ተሞላ። ኋላህ መጥታ ስትቆም አትሰማም፤ እንደ ድመት። ጋራዥ ያሉ ደቀ መዛሙርቴን ልጠይቅ ብሄድ ካንዴላ የሚፈታ የለም፣ ካርቡራተር የሚያጥብ የለም፤ ልጆቹ ላፕቶፕ ሰክተው መኪናዋን ምን እንዳመማት ይጠይቃሉ፣ እሷም ትመልሳለች። ታማሚው ራሱ ሐኪም ሆነ። እነዚያ መኪኖች ሆድ ውስጥ ያለው ቫናዲየም አይደለም፣ ሊቲየም ነው፤ ቫናዲየም እንዲህ ያለ ቅሌት ውስጥ አልገባም።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ አብርተን ተቀምጠን ሳለን የልጅ ልጄ ደወለ። እኔም ስቆጣ ከርሜ ለካ ሒሳቡን በልቤ ሳሰላ ነው የሰነበትኩት። «ስማ» አልኩት፣ «አዲስ አበባ እኮ አይበርድም አይሞቅም፤ ለዚህ ውሃ የተፈጠረ አየር ነው። ጓሮ ሁለት ባለ ሺህ ሊትር ሮቶ ባስቀምጥ፣ አንዱ ሐምራዊ አንዱ ቢጫ፣ 40 ኪሎዋት ሰዓት ይይዝልኛል። አሥር ሰዓት ይጋገርበታል። መብራት ሲጠፋ የምስቀው እኔ እሆናለሁ። ፓምፑን እኔው እሠራዋለሁ፣ ቡሎኑን...» ቡሎኑን ስል የ17ቱ ቁልፍ ትዝ አለኝና ድምፄ ተቆረጠ።

ልጁ ዋጋውን ሊነግረኝ ሲጀምር ባለቤቴ ስልኩን ተቀበለችኝ። «ሁለት ሮቶ ሊገዛ ነው?» አለችው። «አዎ እማማ።» «ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር?» ወደኔ ዞረች። «ሮቶውን ግዛው። ውሃውን እኔ አውቅበታለሁ።»

ይህን ስንባባል በር ተንኳኳ። ጎረቤቴ ነው፤ የስልኩን መብራት ፊቴ ላይ ተክሎ።

«ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ይቅርታ፣ 19 ቁልፍ አይጠፋዎትም?»

«17ቱስ?»

«እሱማ አለ፤ አሁኑኑ አመጣዋለሁ።»

ከግድግዳው ላይ ያን የሚያብለጨልጨውን አውርጄ ሰጠሁት። በመብራቱ አገላብጦ አየው፣ ጽሑፉንም አነበበ። «ክሮም ቫናዲየም! የድሮ ዕቃ እኮ ሌላ ነው ጋሼ» አለኝ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ።